አሲዱ እስኪመጣ

ነቀምት የገባሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ከኮሌጅ ገና እንደወጣሁ ነው። ዕድሜዬን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ትንሽ ጨምሬ እናገር ነበር፤ ያለዚያ ከተማሪዎቹ ጋር ሰልፍ ላይ ያቆሙኛል። የኬሚስትሪ መምህርት ሆኜ ወለጋ ተመደብኩ ስላት እናቴ "ልጄ መድኃኒት ቀማሚ ሆነች" ብላ ለሰፈሩ አወራች። ላርማት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ተውኩት። ከአምቦ ወዲያ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ እየዋኘ፣ ባኮ አካባቢ እየወረድን እየገፋን፣ ወደ ማታ ላይ ደረስን።

ትምህርት ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ ባሕር ዛፍ መሃል የተሠራ ነበር። ዳይሬክተሩ በማግስቱ ተቀብለው አዞሩኝ። የሸዋ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሳቅ የማያውቁ። ካኪ ኮትና ሱሪያቸው ዘወትር በከሰል ካውያ ከመተኮሱ የተነሳ የሱሪው መስመር ሽንኩርት ይከትፋል። አንድ በር ፊት ቆሙና በራሳቸው ቁልፍ ከፈቱ። በሩ ላይ "ቤተ ሙከራ" የሚል ተጽፏል። ውስጡ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ ጥቂት የመስታወት ቱቦዎችና ብዙ የሸረሪት ድር ነበር።

"አሲድስ የለም?" አልኳቸው።

"ታዟል።"

"መቼ ይመጣል?"

"ታዟል አልኩሽ እኮ፣ ወይዘሪት።"

ያዘዙት ከእኔ በፊት የነበሩት ህንዳዊ መምህር ናቸው። ጠንቃቃ ሰው ነበሩ አሉ። ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ያለ መከላከያ ልብስ አይነካም ብለው አሲዱንም ልብሱንም አንድ ላይ አዘው፣ ሁለቱንም ሳያዩ ውላቸው አልቆ አገራቸው ገቡ። እንግዲህ አዲስ አበባ ያለው ሰው የቱን አስቀድሞ እንደሚልክ ማን ይነግረዋል? ልብሱ ኅዳር ላይ መጣ። አሲዱ አልመጣም።

ሣጥኑን የከፈትነው ከዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋር ነው። እኚህ ሰው የአገሩ ተወላጅ፣ ሸምገል ያሉ፣ ነገር የሚያውቁ ናቸው፤ መምህሩም ተማሪውም እንደ አቶ "ኦቦ" ብቻ ነበር የሚላቸው። ከሣጥኑ ውስጥ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ወፍራም የጎማ ሽርጥ ወጣ። ቀጥሎ እስከ ብብት የሚደርስ የጎማ ጓንት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ፣ ዙሪያውን በጎማ የተዘጋ ትልቅ መነጽር። የተሠራው ለየትኛው አገር ሰው እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ያ ሰው ግዙፍ ነው። ልለካው ብዬ ሁሉንም ለበስኩ። ሽርጡ መሬት ጠረገ። ቦቲው ውስጥ እግሬ ከነጫማዬ ገብቶ ተረፈ። መነጽሩ ከግንባሬ ጀምሮ አፌ ድረስ ሸፈነኝ።

ኦቦ ዙሪያዬን ዞረው አዩኝ። "ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይህ? ልብስ ነው ወይስ ቤት?"

አውልቄ አስረዳኋቸው። "ኦቦ፣ ይህ የሚመጣው አሲድ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ቢገባ ያሳውራል። የጥጥ ልብስ ይበላል። እነዚህን ሳይለብስ ማንም አይነካውም።"

"ቶሌ፣ ቶሌ" አሉ እየነቀነቁ። እሺ ማለታቸው ነው። ትንሽ አሰቡና "አሲዱ ግን የት አለ?" አሉኝ።

"ገና አልመጣም።"

"እስኪመጣ ታዲያ ይህ ሁሉ ልብስ ተቀምጦ ማንን ይጠብቃል?"

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ኦቦ የዕቃ ቤቱን መመሪያ ማውጣታቸው ነው።

በኋላ እንደነገሩኝ ሐሳባቸው እንዲህ ነበር። ጎማ ካልተለበሰ ይደርቃል። ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ የመንግሥት ንብረት ጠፋ ማለት ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ ኦቦ። ስለዚህ ማዋስ ማለት ሌላ ሳይሆን ንብረት መጠበቅ ነው። ይህን ሲያስረዱኝ ፊታቸው ላይ አንዳች ነውር አይታይም ነበር፤ እንዲያውም እንድመሰግናቸው ይጠብቁ ነበር።

መጀመሪያ የሄደው ቦቲው ነው። አንድ ማለዳ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ዳይሬክተሩ ጉልበታቸው ድረስ ጥቁር ጎማ ተጫምተው፣ ያን የተተኮሰ ሱሪ ቦቲው ውስጥ ጠቅጥቀው ቆመዋል። ዝናብ ያለ ወራቱ ጥሎ ግቢው ላቁጦ ነበር።  መዝሙሩ እንዳለቀ ወደ እኔ መጡና፣ "እየሞከርኩልሽ ነው፣ ወይዘሪት። ውሃ አያስገባም" አሉኝ። ሙከራው እስከ ግንቦት ቀጠለ።

ቀጥሎ ኦቦ በትንሽ ቅል ማር ይዘውልኝ መጡ። "ሶዳ ኮ ነው የላከልሽ" አሉ፤ የባለቤታቸው ወንድም ማለት ነው፣ ኡኬ የሚኖር ማር ቆራጭ።

"አያውቀኝም እኮ፣ ኦቦ። ለምን ላከልኝ?"

"ለጓንቱ ነዋ።"

"ጓንቱን ለማር ቆራጭ ሰጡት?"

"የኡኬን ንብ አታውቂውም፣ በርሲስቱ።" መምህርት ማለታቸው ነው፤ በአገራቸው ቋንቋ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። "ሥጋ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ቢገባ ያሳውራል። አላልሽም እንዴ?"

ብያለሁ። ስለ ማሩም እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንደዚያ ያለ ማር ከዚያ በኋላ አልቀመስኩም።

መነጽሩን ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው። ከገበያው ቁልቁል ስወርድ አንድ ሰው በሳይክል እየበረረ መጣ፤ ፊቱ ግማሹ መስታወት ነው። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን እየያዙ ዳር ያዙ፤ አንዷ "አውሮፕላን ነጂ ነው" ስትል ሰማሁ። አጠገቤ ሲደርስ ፍሬን ያዘና፣ "አካም ቡልቴ፣ በርሲስቱ!" አለኝ። በየገጠሩ በሳይክል እየዞረ የሚሰብከው ወንጌላዊ ነው፤ ሰላምታው ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ የሁላችንም ወዳጅ።

"ይህ መነጽር እኮ የቤተ ሙከራ ነው" አልኩት።

"ኦቦ ነግሮኛል። አሲዱ እስኪመጣ ብሎኛል" አለ፤ የሚያውቀው ቃል ኪዳን እንደሆነ ሁሉ በእርጋታ። "እግዜር ይስጣችሁ። ድሮ አቧራው ዓይኔን እያቀላው ምእመናኑ ጋ ስደርስ ያለቀስኩ ይመስላቸው ነበር። ስብከቱን ሳልጀምር እነሱ ማልቀስ ይጀምራሉ። አሁን ተረጋግተው ይሰማሉ።"

የቀረውን ሽርጥ ከኦቦ እጅ ላድን ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩት፤ በልኬ ላሳጥረው። የምኖረው እትዬ ከምንላቸው የጎጃም ሴት ቤት ተከራይቼ ነበር። ጠጅ ይጥላሉ፤ ቁመታቸው ከበሩ ጉበን ጋር እኩል ነው። መቀሱን እንዳነሳሁ ደረሱብኝ።

"ምነው ሸዋ! ይኸን የመሰለ ጉድ ልትቆርጪው?"

"ለእኔ ረዝሞብኝ ነው፣ እትዬ።"

"ለእኔ ግን ልክ ነው" አሉና አንገታቸው ውስጥ አጠለቁት። እውነትም ልክ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋን ሲያጥቡ፣ ጌሾ ሲወቅጡ፣ ዝናብ ሲሆን ገበያ ሲወጡ ያው ሽርጥ ነው። ሰፈሩ "ጎማ ለባሿ" አላቸው፤ እሳቸውም አልከፋቸውም።

እንዲህ ሆኖ ወራት ሄደ። አሲዱን እኔም ረሳሁት ማለት ይቻላል። ተማሪዎቼን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተማርኩ፤ አሲዱን ክብ፣ ውሃውን መስመር።

ግንቦት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ የጭነት መኪና የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ። ስወጣ ሹፌሩና ረዳቱ አንድ ትልቅ የብረት ቅርጫት ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኑረዋል። ቅርጫቱ ውስጥ፣ በገለባ ታቅፎ፣ እንደ እንስራ የተለቀ የመስታወት ጠርሙስ አለ።

"ፈርሚልኝ እህቴ፣ ልሂድበት" አለ ሹፌሩ። "ከባኮ ወዲህ ሥሩ ያጨሳል። እንደ ሙሽራ ይዤ ነው ያመጣሁት።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የታችኛው ገለባ ከሰል መስሎ ጠቁሯል። ጠርሙሱ ሥሩ ላይ ተሰንጥቆ በጠብታ በጠብታ እያንጠባጠበ ነው። ቀና ስል መኪናው የለም። ከወደ ዲዴሳ በኩል ደግሞ ሰማዩ ጠቁሮ እየመጣ ነበር።

 ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ውሃ ሲወርድበት ይግላል፣ ይፈላል፣ ይረጫል። ዝናቡ ሳይደርስ ከጣሪያ ሥር መግባት አለበት። ተማሪዎቹን ከክፍል እንዳይወጡ አዘዝኩና ኦቦን ጠራሁ።

"ኦቦ! አሲዱ መጣ! ልብሱን አምጡልኝ፣ አሁኑኑ!"

ኦቦ ቅርጫቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። "ቶሌ" አሉና በእሳቸው ዕድሜ ካለ ሰው አይቼው በማላውቀው ሩጫ ወጡ።

የገበያ ቀን መሆኑ በጀን እንጂ ማን የት ይገኝ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ከኋላቸው ልብሱ ሁሉ ተከትሏቸው መጣ፤ ችግሩ ሰዎቹም ውስጡ እንዳሉ መምጣታቸው ነው።

"በሉ አውልቁና ስጡኝ" አልኩ። "እኔ እለብሰዋለሁ።"

ማንም አላወለቀም።

ዳይሬክተሩ ጠጋ ብለው ጆሮዬ ላይ አንሾካሾኩ። "ወይዘሪት፣ ጫማዬ ሊጠገን ተሰጥቷል። ከቦቲው ውስጥ ካልሲም የለም። ይህ ሁሉ ተማሪ በመስኮት እያየ በባዶ እግሬ ልቁም?"

እትዬ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "እኔስ ቁርጥ ነው የምነግርሽ፣ አላወልቅም። ከሥሩ የጓዳ ቀሚስ ነው፤ ጀርባው አልቋል።"

ወንጌላዊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣ። የገዛ መነጽሩን ከውስጥ በክር ሰፍቶበታል። "ይህን ካወለቅሁ በርሲስቱንና ያን ግንድ አልለይም" አለኝ፤ እጁን የዘረጋው ግን ወደ እትዬ ነበር። ወዲያው መልሶ አወረደው።

የኡኬው ማር ቆራጭ አማርኛ አይሰማም። ገበያ ላይ አንድ የልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ የሰፈረ ንብ ሊያነሳ ገብቶ ኦቦ ከመሃል ጎትተው ነው ያመጡት። ጓንቱን ንብ እንዳይገባበት ክንዱ ላይ በሲባጎ ጠፍሮ፣ ሲባጎውን በሰም ለስኖታል። ኦቦ ተረጎሙልኝ፤ "በቢላዋ ካልሆነ አይወጣም ይላል።" ጥቂት ንቦች አሁንም ራሱ ላይ ይዞራሉ።

አንድ ሰው ለመሸፈን የተላከው ዕቃ አራት ሰው ላይ ተበትኗል። እጅ ያለው እግር የለው፣ እግር ያለው ዓይን የለው። ነጎድጓዱ ደግሞ ቀረበ። ለመከራከር ጊዜ አልነበረም።

"እሺ፣ ሁላችሁም እንደለበሳችሁ ስሙኝ" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ ቀጥ አሉ።

በቤተ ሙከራው ጣሪያ ጠፈጠፍ ሥር አንገቱ የተሰበረ ትልቅ ጋን ነበር፣ የጣሪያ ውሃ የምናጠራቅምበት። እትዬ ባዶውን አደረጉት፣ ጠፈጠፍ ወደማይደርስበት በረንዳ አንከባለሉትና ጠብታ ሳይቀር በደረቅ ጨርቅ ወለወሉት፤ ጋን ማድረቅ ሥራቸው ነው። ከታች አሸዋና አመድ አፈሰስንበት። ከዚያ ማር ቆራጩ በጓንቱ የቅርጫቱን ማንጠልጠያዎች አነሳልንና ረጅም አጣና አሳለፍንበት። የአጣናውን አንድ ጫፍ እሱ ያዘ። ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ጠፋ።

ሁላችንም ኦቦን አየናቸው።

"እኔ ምንም አልለበስኩም እኮ" አሉ።

"ልብሱን ያደለው ማን ነው?" አሉ ዳይሬክተሩ።

ኦቦ ወደ ዕቃ ቤት ገብተው ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። በአንድ እጃቸው አጣናውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ በሌላው ጃንጥላውን ዘርግተው በራሳቸውና በጠርሙሱ መሃል ጋረዱት። እንዲህ ሆነን ተነሳን። እትዬ በሽርጣቸው ከፊት፣ ጠርሙሱ ድንገት ቢፈነዳ እኔን ሊከልሉ። እኔ ከእሳቸው ፊት መንገዱን እያሳየሁ። ወንጌላዊው አጎንብሶ፣ በሁለት መነጽር የጠርሙሱን ሥር እያየ። ዳይሬክተሩ በቦቲያቸው ከኋላ፣ አንድ ከረጢት አመድ ታቅፈው፣ ጠብታው ባረፈበት ሁሉ እየነሰነሱ። አመዱ አሲዱን ሲነካ ሽሽሽ ይል ነበር።

"ይኸ ነገር ነፍስ አለው" አሉ እትዬ እያማተቡ።

"ይንጠባጠባል!" ይላል ወንጌላዊው። "አሁን ቆመ! ... አይ፣ ይንጠባጠባል! ... ጌታ ሆይ፣ አንተ አቁመው!"

"አሜን!" አሉ ኦቦ ከጃንጥላው ጀርባ።

"ዓይንህን ጠርሙሱ ላይ አድርግ፤ በኋላ ትጸልያለህ!" ብዬ ጮህኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ደርሰን ነበር። ከማር ቆራጩ ጋር የመጣች አንዲት ንብ ዳይሬክተሩን ማጅራታቸው ላይ ነደፈች። እኚያ ሳቅም ጩኸትም የማያውቁ ሰው "እምምይ!" ብለው በቦቲያቸው ዘለሉ። አመዱ በነነ። በዚያ መሃል ወደ ኋላ ሲሽከረከሩ መቀመጫቸው በአሲድ የረጠበው ገለባ ላይ ተደግፎ ተመለሰ። ቅርጫቱ ተወዛወዘ። ማር ቆራጩ በእነዚያ ትልልቅ ጓንቶች አቅፎ ያዘው። እሱ ባይኖር ዛሬ የምነግራችሁ ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር።

ጋኑ ውስጥ አስገባነው። ዙሪያውን በአመድ ሞላነው። እጄን ከላዩ እንዳነሳሁ የመጀመሪያዋ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለች፤ ከዚያ ነቀምት ያወረደችው ዝናብ የዓመቱ ሁሉ መሰለኝ።

"ማን ነካው? የሚያቃጥለው ሰው አለ?" አልኩ። አሲድ ከነካ መፍትሔው ብዙ ውሃ ነው፣ ያለ ይሉኝታ። አሲዱ አሁን ከጣሪያ ሥር ስለሆነ ሁሉንም ወደ ዝናቡ አስወጣኋቸው። እትዬ፣ ወንጌላዊው፣ ኦቦ፣ ማር ቆራጩ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ዳይሬክተሩ ግን ከበረንዳው አልተነቃነቁም።

"ጋሼ፣ ገለባው ነክቶዎታል፤ አይቻለሁ" አልኳቸው።

"ምንም አልነካኝም።"

"ጋሼ፣ ከኋላዎ ነው።"

ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ። እየሞቃቸው እንደነበረ ያስታውቃል። ፈጠን ብለው ወደ ግድግዳው ጀርባ ሄዱ። ወንጌላዊው ባልዲ ይዞ ተከተላቸው። የውሃው ድምፅ፣ እንደገና የውሃው ድምፅ፣ መሃል መሃሉን ደግሞ "በቃ! አይ፣ ጨምር!" የሚል ትእዛዝ ይሰማ ነበር። ሲመለሱ ከወገብ በታች ራሰው፣ ከወገብ በላይ እንደ ሁልጊዜው ዳይሬክተር ነበሩ። ቆዳቸው ትንሽ ከመቅላት በቀር ደኅና ሆነ።

"ሱሪውን ይጣሉት" አልኳቸው። "ጥጥ ነው። አሁን ደኅና ይመስላል፣ ኋላ ግን ይበላል።"

አገላብጠው አዩት። "ምን ሆነ? አዲስ ካኪ እኮ ነው፣ ወይዘሪት።"

ማር ቆራጩ ጓንቱ በቢላዋ ተፈትቶለት ወደ ንቡ ተመለሰ። የቀረነው እትዬ ቤት ገብተን ጠጅ ጠጣን፤ ወንጌላዊው ብርዝ። ኦቦ ጃንጥላቸውን ወደ መብራቱ ቀና ሲያደርጉት በየቀዳዳው ብርሃን ወረደ፣ ሰማይ ኮከብ ያወጣ ይመስል። "ይህ ሁሉ እኔ ላይ ሊያርፍ ነበር?" አሉና ብርሌያቸውን አንድ ጊዜ ጨለጡት። ያን ሳምንት ልብሱ ሁሉ ታጥቦ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። እኔም ለብሼው፣ በመጨረሻ ሁሉንም ባንድነት ለብሼው፣ አሲዱን ቀስ እያልኩ ደኅና ጠርሙሶች ውስጥ ገለበጥኩት።

ሰኔ ሲገባ ከአዲስ አበባ አንድ ከፍተኛ ሹም ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። ግቢው ተጠረገ፣ ድንጋዩ በኖራ ተቀባ። ዳይሬክተሩ ያን ካኪ አሳጥበው፣ አስተኩሰው ለበሱት። መስመሩ እንደ ድሮው ሽንኩርት ይከትፋል። ተማሪው ተሰልፎ፣ መምህራኑ ከኋላ ቆመን፣ ሹሙ ከመኪናቸው ወረዱ። ዳይሬክተሩ ወደ ፊት ራመድ አሉና እንደዘመኑ ወግ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

ድምፁ የተቀደደ ጨርቅ ድምፅ አልነበረም። የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ የሚያሰማው ዓይነት ነበር፤ ካኪው አልተቀደደም፣ ረገፈ። ከኋላ የቆምን መምህራን ሁሉ የምናየውን አየን። የታሪክ መምህሩ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ዳይሬክተሩ እንዳጎነበሱ ቀሩ። ቀና ቢሉ ችግር፣ ባይሉ ችግር። ሹሙ ይህን ያህል መከበራቸው ገርሟቸው፣ "በቃ፣ ይነሡ፣ ይነሡ" ይላሉ።

ኦቦ ዕቃ ቤት ደርሰው ሲመለሱ አላየኋቸውም። ብቻ በድንገት ከዳይሬክተሩ ኋላ ቆመው ያን የጎማ ሽርጥ ገልብጠው፣ ከፊት ወደ ኋላ አድርገው፣ ወገባቸው ላይ ሲያስሩ አየሁ። ዳይሬክተሩ ቀና አሉ። ከፊት ካኪ፣ ከኋላ እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ጎማ።

ሹሙ ዞር ብለው ተመለከቱ። "ይህ ምንድን ነው?"

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ አዩ።

"የአሲድ መከላከያ ነው፣ ክቡር ሆይ" አልኩ ወጥቼ። "ዛሬ ቤተ ሙከራውን ስለሚጎበኙ ነው።"

"ታዲያ ለምን ከኋላ ይለበሳል?"

"አሲድ ከኋላም ይመጣል፣ ክቡር ሆይ። እዚህ ትምህርት ቤት ደርሷል።"

ሹሙ ሽርጡን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ለተከታዮቻቸው "ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው" አሉ። ቤተ ሙከራ ስንገባ እሳቸውም ጓንቱን አጥልቀው፣ መነጽሩን አድርገው ፎቶግራፍ ተነሡ። ዳይሬክተሩ ጉብኝቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው አስጎበኙ።

መኪናው ሄደ። ዳይሬክተሩ ሽርጡን እንደለበሱ ወደ ቤታቸው አዘገሙ። በሩ ጋ ሲደርሱ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎን ደነገጥን። ዞር ሲሉ ግን እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ፤ በሩን ይዘው፣ ቃል እያነቃቸው። ኦቦ ተከተሉ፣ ከዚያ ሁላችንም። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥርሳቸውን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ደኅና ጥርስ ነበራቸው።

በማግስቱ የመጀመሪያውን እውነተኛ ሙከራ ለማስተማር ክፍል ስገባ ዳይሬክተሩ መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ተማሪዎቹ መሃል፣ ለበዓል ብቻ የሚያወጡትን ጥቁር የሱፍ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል።  አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ እንደማይጨመር አሳየሁ። ካሉኝ ጥቂት ሴት ተማሪዎች አንዷን ጠርቼ ልብሱን አልብሻት አሲዱን ውሃው ውስጥ በቀስታ አንጠባጠበች፤ ብርጭቆው ሲሞቅ በጓንቱ ላይ ተሰምቷት ሳቀች።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ።

"አቤት፣ ጋሼ" አልኩ።

ዳይሬክተሩ ብድግ ብለው፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ሱፍስ ይበላል?"

"የተበረዘውን ሱፍ ይችለዋል፣ ጋሼ። ያልተበረዘው ግን ሁሉንም ይጎዳል።"

ኮታቸውን ቁልቁል አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ አዩ። "እዚያ ያለው የትኛው ነው?"

"የተበረዘው ነው።"

"ቀጥይ" አሉና ተቀመጡ።